ሁለት ረጅም፣ ሦስት አጭር

ላዤሽ መንደር፣ ፒኮ ደሴት፣ ከገደሉ አፍ ላይ፣
ነጭ ኖራ የተቀባች አንዲት ጠባብ ማማ፤
ባሕር ባሕሩን የምታይ፣
ሌላ የማትሰማ።

ኤቫሪስቶ ዐይኑን አከራይቶ የኖረባት፣
"ተነሣች!" ብሎ ርችት የተኮሰባት፤
ጀልባ ሁሉ ሲጎርፍ በጦር በገመድ፣
እሱ ከላይ ቆሞ የጠቆመ መንገድ።

ዛሬ ፊሎሜና ከስክሪን ፊት ቁጭ ብላ፣
የዓሣ ነባሪ ወሬ ትለቅማለች ለሌላ፦
ለማይተኛ፣ ለማያዛጋ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት፣
ሚሊዮን ጠቅታ ውጦ "ጨምሪ" ለሚል ፍጥረት።

ቋ... ቋ... ቋቋቋ።

"ይኸውልዎት" አለችው፣ "የአንድ ቤት ቃል ነው፤
እናት ትለዋለች፣ ልጅ ይመልሰዋል።
ማሽኑ ለይቶታል።
ትርጉሙ ነው የቀረው።"

ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀ።

አንድ ቀን ብቻ፣ ቀዛፊ ቢጎድል፣ ወርዶ ተሳፈረ ጀልባ፤
ያኔ ነው የሰማው፤ ጣውላውን ዘልቆ በውስጥ እግሩ በኩል ገባ።
ግልገሉ ቀድሞ ተወግቶ፣
እናቲቱ ደሙን እየዞረች፣
ጀልባውን ከሥር እንደ በር ስታንኳኳ፦
ሁለት ረጅም፣ ሦስት አጭር፤
ደግሞ ሁለት፣ ደግሞ ሦስት፤
መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ዝም ብላ።

"የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ"
ይላል የእኛ አገር ሰው።
እሷ ሁለቱም ጠፉባት።

ከዚያ ወዲህ ኤቫሪስቶ በር ሲንኳኳ አይነሣም፤
ሚስቱ ናት የምትከፍት። ለምን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም።

"ልጄ" አለ፣ "ያልሽው ቀን ከደረሰ፣
ነገሩ ወደ ሰው አፍ ከተመለሰ፣
እኔ ከሌለሁ ደግ።
ካለሁ ግን አትጥሪኝ።
እስካሁን ድምፅ ነው። ድምፅ ይቻላል፤
ከድምፅ ጋር ሰው ይተኛል።
ቃል ከሆነ ግን...
ቃል ባለቤቱን ይፈልጋል፤
'ለማን ነበር?' ይባላል።"

ፊሎሜና የምትለው ጠፋት። ነፋስ መስኮቱን ገፋ።
እሱም ሳያውቀው፣ በጣቱ አንጓ፣ ጠረጴዛውን መታ፤
ሁለት ረጅም፣
ሦስት አጭር፤
ጥቂት ዝም አለ።

ለካ ማይክሮፎኑ ክፍት ኖሯል። ስክሪኑ ላይ መስመር ዘለለ፦
"አዲስ ድምፅ። ከዚያው ቤተሰብ። እርግጠኝነት፦ ሰማንያ አንድ በመቶ።
ዕድሜ፦ አዋቂ።
ተናጋሪ፦ ያልተመዘገበ።
ትርጉም፦"

ከትርጉሙ ቦታ አንዲት ቀጭን ሰረዝ
ብልጭ ድርግም ትላለች፣
ትጠብቃለች።