የሁለት ሽቦ ሹክሹክታ

ጥር ነው በኦሉ፤ ፀሐይ አርፍዳ ወጥታ፣
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተመልሳ ገብታ፣
ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ዋጋ ማቅረቢያ፣
የበረደ ሻይ፣ ቁልፉ የላላ ማስሊያ።

«ርካሹን ግዢው፣ ቱሊኪ፤ ሞገድ ሞገድ ነው» አለኝ ራይሞ፣
እጁን ኪሱ ከቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ።

ርካሹን አውቀዋለሁ። ደጁ ያለ ዘበኛ፣
የመጣው ይገባል፣ እውነተኛም ሐሰተኛ፤
አንድ ጉልበተኛ ጩኸት መጥቶ ሲያጨናንቀው
ያልተፀነሰ ድምፅ ወልዶ ያሳየኛል፣ «ይኸው!» ብሎ፣ «ይኸው!»

ሪሲቨሩ ውድ ነው፤ ግን በር ላይ ያጣራል፣
ኳዚ ፒክ የሚሉት ትዕግሥት ተምሯል፦
አንዴ የተሰደበና በየቀኑ የተነዘነዘ
ቁስላቸው አንድ አይደለም፤ መዝገቡ ይህን ነው የያዘ።

ከሁለቱም በፊት ግን ያቺ ከባድ ሳጥን፣
በሶኬቱና በዕቃው መሃል የምትቆም ሚዛን፤
የማንንም ቤት ግድግዳ ሃምሳ ኦም ታደርጋለች፣
የመንደሩን ሐሜት ከደጅ ትመልሳለች፣
የእኛው ዕቃ በሁለቱ ሽቦ የሚያንሾካሹከውን
ታቀብለኛለች፣ ሳታዳላ ለማንም።
ግን ከመሬት ሳትታሰር ማንም አይነካትም።
የበጀቱን ግማሽ ብቻዋን በላች።

ከካታሎጉ ሥር የኦይቫ ደብዳቤ አለ፣ በእርሳስ፦
«የበረዶ ሞተር ቻርጀራችሁ ከጎረቤቴ ከገባ ወዲህ
በሦስት ነጥብ አምስት ሜጋኸርዝ፣ ማታ በሁለት ሰዓት፣
ከትሮምሶ የምትጠራኝን እህቴን አልሰማትም።
ሬዲዮኔ ዝንብ የታጎረበት ጣሳ ሆኗል።
ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጣቷ ግን ሞርስ አልረሳም።»

ለራይሞ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፣
ተቀምጦ ደገመው።
«ሳጥኗ አዲስ ትሁን» አልኩት፤ «ሪሲቨሩ ያገለገለ፣
ግን ልኩ በቅርቡ የተመሰከረለት።»
ዋጋውን ሁለቴ አየ። ተነፈሰ። ፈረመበት።

ማድረሻው ስምንት ሳምንት ነው። እስከዚያ
ያለኝ መለኪያ አንድ ነው፣ ያው የኦይቫ ጆሮ።
ማታ ማታ፣ ለሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር፣
ካፖርቴን ደርቤ በረዶውን እያንኮሻኮሽኩ እሄዳለሁ፣
የቻርጀሩን ማብሪያ ወደ ታች እጫናለሁ፣
ከመስኮቱ ሥር ጥቂት እቆማለሁ
ዝንቦቹ ዝም እስኪሉ፤

ከዚያ ቀጭን፣ ሩቅ፣ እንደ መርፌ ጫፍ፣
ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፦
ተናገር።