የጠፋ ዕቃ መዝገብ

ታርቱ አውቶቡስ ጣቢያ፣ ከትኬት መስኮቱ ኋላ፣
አንድ ክፍል አለ፣ በሰው ዕቃ የተሞላ፤
ቦርሳ፣ መነጽር፣ የሕፃን ጫማ ነጠላ፤
አንዴማ ሰው ሠራሽ ጥርስ መጣ፣
ፈገግታው ከላዩ ሳይወጣ።

ሄልቬ እባላለሁ፤ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤
ሥራዬ መጠየቅ ነው፦
«ምን ጠፋብዎ? መቼ ነው?
ቀለሙስ? ምልክትስ አለው?»

ማታ ቤቴ ስገባ፣ እኔን የሚጠይቅ የለም፤
ስልኬ ቢጮህ እንኳ፣ ለኔ ብሎ አይደለም፤
በልደቴ ቀን ግን ሁለት መልእክት አይቀርም፦
አንዱ ከባንክ ነው፣ አንዱ ከጥርስ ሐኪም።

ጓደኞቼ አልሞቱ፣ ጠብም አልነበረን፤
ልጁ፣ ብድሩ፣ የእናት ሕመሙ፣ በየፊናችን በተነን።
«እንገናኝ» ይላሉ፣ «በቅርቡ፣ በበጋው»፤
ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ያ አጭሩ በጋው፤
ማንም ሳይበድለኝ፣ ማንንም ሳልከስ፣
እንደ ተረሳ ሻይ በረድሁ፣ ቀስ በቀስ።

አልዋሽም፣ መርሬም ነበር።
አንድ ቀን የጎረቤት ልጆች ደረጃውን እየዘለሉ ሲወርዱ፣
በሩን በርግጄ ጮኽሁባቸው፤ ዝም ብለው ሄዱ።
ያ ዝምታቸው አስደነገጠኝ፤
የኔን ቤት ዝምታ መሰለኝ።
በማግስቱ ደረጃው ላይ ብስኩት አስቀመጥሁላቸው፤
ድመቷ ቀደመቻቸው።
በሦስተኛው ቀን ግን፣ ከመካከላቸው ትንሿ፣
«ለድመቷ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ሁለት እየጎረሰች ራሷ።

ከዚያ ወዲህ ደግነትን እንደ ምድጃዬ አየዋለሁ፤
አማረኝ አላማረኝ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ እንጨት እጨምራለሁ።
ቅድስና አይደለም፤
ሌላ ማሞቂያ የለኝም።

የጣቢያው ደንብ እንዲህ ይላል፦
ሦስት ወር ፈላጊ ያጣ፣ ይጣላል።
ግን ግራው ለጠፋ ጓንት፣ ቀኙ ምን አጠፋ?
ወስጄ አጥበዋለሁ፣ ሆዱ እንዳይከፋ፤
ቀዩን ከግራጫ፣ ወፍራሙን ከስስ አጣምሬ፣
ከአጥሩ ሽቦ ላይ እሰቅላለሁ፣ በልብስ መቆንጠጫ አስሬ፤
ማታ ስወጣ አንዳንዱ የለም።
የማን እጅ እንደሞቀ አልጠይቅም።

ሐሙስ ሐሙስ ካልዮ ይመጣል፤
ሽማግሌ ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ በረዶውን ያራግፋል፤
«ጥቁር ጃንጥላ፣ እጀታው እንጨት» ይላል።
እጽፋለሁ። መደርደሪያውን እቃኛለሁ። «አልተገኘም፤
ከተገኘ እናሳውቃለን።»
«ግድ የለም።»

ስምንት ወር እንዲህ ሆነ።
ጃንጥላ ጠፍቶት እንደማያውቅ የገባኝ በሁለተኛው ወር ነው፤
እሱን የጠፋው ጠያቂ ነው።
ስለዚህ ከቅጹ ላይ አንዲት መስመር አልዘልም፣ እያወቅሁ፦
«ቀለሙ?» «ጥቁር። ባለፈውም ነግሬሻለሁ።»
«ደንብ ነው» እለዋለሁ።
«ደንብ ደግ ነገር ነው» ይላል፣
ወንበሩን ወደ ማሞቂያው ይስባል።

ጥር ላይ አንድ ሐሙስ፣ ብርሃን በጊዜ የሸሸ ቀን፣
ካልዮ ጃንጥላውን ትቶ፣ ትክ ብሎ አየኝ ዓይን ለዓይን።
እስክሪብቶዬን ወሰደ፣ ቅጹን ወደ ራሱ አዞረ፤
«አንቺስ? ምን ጠፋብሽ?» ብሎ ጀመረ።

ሳቅሁ። አልሳቀም። ጠበቀ።
«ስሜን ከወዲያኛው ክፍል የሚጠራ ድምፅ» አልሁት፣ ጉሮሮዬ እየታነቀ።
«ቀለሙ?»
«ከመንገድ ሲያዩት፣ የሰው ወጥ ቤት መብራት የመሰለ።»
«የጠፋበት ቀን?»
«ቀን የለውም፤ እንዲሁ፣ ቀስ እያለ።»

ጻፈው፣ በትምህርት ቤት ፊደል፣ ቃል ሳይቀንስ፤
ማህተሜን አንስቶ መታው፤
«ከተገኘ እናሳውቃለን» አለኝ፣ የራሴን ቃል ሲመልስ።

እስካሁን አልተገኘም።
ወረቀቱ ግን ፋይሉ ውስጥ ነው፤
ሦስት ወር አልፎታል፤ አልጣልሁትም።

ያን ዕለት ሲወጣ በመስታወቱ አየሁት፣
በረዶው መሀል ቆሞ እጆቹን ሲያወዛውዝ፤
ግራው ቀይ፣
ቀኙ ግራጫ።