የፈንቴ ድርሻ

አንገረብ ከሥሩ በሚያልፍበት ደብር፣
በወርኃ ጽጌ፣ በሦስተኛው አዳር፣
አፌን ብከፍተው ጠፋ ከጉሮሮዬ፣
ያ ጎንደር ያወቀው፣ ያ ድምፄ፣ ጌታዬ!

ዐሥራ አንድ ዓመት ቆሎ ለምኜበት፣
ከውሻ ታግዬ ያገኘሁት ትምህርት፤
አቋቋም ዘልቄ፣ ዝማሜ ቆጥሬ፣
“የላቤ ዋጋ ነው” እያልሁ ነው መኖሬ።

ከግራ ጌታው ጋር፣ ከልሣነ ወርቅ ጋራ፣
ለአንዲት ወረብ ብለን፣ “ልምራ፣ እኔ ልምራ”፣
ሰላምታ ከተውን ሁለት ክረምት ሄዷል፤
ጸናጽላችን ግን እርስ በርሱ ያወጋል።

ያን ሌሊት ግን ዝም።
ሳል እንኳ አልወጣኝም።
ልሣነ ወርቅ አየኝ፤ ቀስ ብሎ ተቀበለ፤
ማኅሌቱ ያለ እኔ እንደ ወንዝ ቀጠለ።
(ያመመኝ ይኼ ነው። እውነት ልናገር፦
ቢቋረጥ ደስ ባለኝ ነበር።)

ካባዬን ጠቅልዬ በምዕራብ በር ወጣሁ፣
በካፊያው መካከል ጫማዬን ፈለግሁ፤
የለም ካኖርሁበት።
“ከዚህ ነው” አለኝ አያ ፈንቴ፣
“ያ ጥግ ያፈሳል፤ አነሳሁት፣ አባቴ።”

ፈንቴን ታውቁታላችሁ? ከደጁ አይጠፋም፤
ሰው ያልፈዋል እንጂ ዞር ብሎ አያይም።
ዓይኑን ሞራ ጋርዶት፣ ቀኑ የመሸበት፣
መዳፉ ብቻ ናት ሰው የሚለይባት፦
“ይቺ የአዘዞው ናት፣ ተረከዟ አልቋል፤
ይቺ የመበለቷ፣ ማሠሪያዋ ላልቷል፤
ይኼ ኮንጎ ጫማ የዚያ ተማሪ ድኻ፣
ዛሬም ቀሃን ሲሻገር ሞልቶበታል ውኃ።”
ጭቃውን በስንጥር ይፍቃል ቀስ ብሎ፣
ገለባ ይሞላል እርጥቡን ነጥሎ፣
እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ሳይሰማው ሌላ ሰው፣
ባለ ጫማውን ለእግዜር ያደርሰው፦
“የጥሩነህን ወገብ፣ ጌታዬ፣ አደራ፣
የብርነሽን ልጅ፣ ካለበት ሥፍራ…”

ከጎኑ ተቀመጥሁ። ምን እላለሁ ደግሞ?
እሱ ዓይን የለው፣ የእኔ ድምፅ ታሞ፣
ምልክት ብሰጠው ምልክት አይገባው፣
ሹክ ብል አይወጣኝ፤ ዝምታ ነው ያለው።
እጄን ፈልጎ ያዘ፣ ጫማ አኖረበት፤
“ይችን አንተ ያዛት፤ ደከመኝ ጉልበት።”

አወቅኋት። ቡናማ፣ ጎኗ የተጣፈች፣
የልሣነ ወርቅ ናት፤ ውኃ የጠገበች።
ሶሏ ተበስቷል፤ ጣቴ አለፈበት።
“ከወለቃ ድረስ በእግሩ ነው” አለ ፈንቴ፣
“እግሩን እየበረደው ዜማው አይሞቅ፣ አባቴ።”

ሁለት ክረምት ሙሉ ድምፁን ስመዝንበት፣
አንድ ቀን አልጠየቅሁ፣ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ሌሊት፣
በምን እንደሚመጣ።

ጠረግኋት። ገለባ ሞላሁ። በነጠላዬ ጫፍ
አደረቅሁ ውስጧን።

ከውስጥ ወረቡ መጣ፣ በሩን ገፍቶ፣
ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ እልልታው ተሞልቶ፤
ከውጭ ስሰማው፣ ገና ለመጀመሪያ፣
የማን ድምፅ የማን ነው? ጠፋኝ መለያ።
በበሩ ስንጥቅ የጧፍ ብርሃን ታየኝ፣
እሙሃይ ስንዱን፣ እጇን አስታወሰኝ፣
ክረምቱን በሙሉ ስትፈትል የከረመች።
(ከማኅበሩ መዝገብ ስሟ የለም።)

ነጋ። ወፉ ተንጫጫ፤ ካፊያው አቆመ።
ልሣነ ወርቅ ወጣ፤ እግሩን አስገባ፤ ቆመ።
ዞር አለ፦ “ማነው ያደረቃት?”
እኔ መሬት መሬት አየሁ።
“እንጃ” አለ ፈንቴ፣ ገለባ ከጣቱ እያራገፈ፣
“እኔ ማንንም አላየሁ።”