የማይነካ ጠብታ

ብረቱ ከላይ ይወርዳል፣ ቀልጦ፣ እንደ ምላስ ረዝሞ፣
ላዩ ቆዳ ያበጀ፣ ሆዱ ገና እሳት ተሸክሞ።
ግራ ቀኝ የተደረደሩ መርጫዎች ውሃ ይተፉበታል፤
ጉሙ በኅዳር ሌሊት ከኦስትራቫ ማዶ ይታያል።
የኔ ሥራ ፎቁ ላይ ነው፣ ሦስተኛው፣ መስኮቱ የማይከፈት፤
ውሃን በቁጥር መርጨት፣ እሳትን በቀመር መግራት።

ሁለት ሚሊዮን ጠብታ አለኝ። እያንዳንዱ ስም ባይኖረውም
ውፍረት አለው፣ ፍጥነት አለው፤ ዕድሜው ግን ከአንድ ጥቅሻ አያልፍም።
አንዱ ካንዱ ይጋጫል፣ ይዋሃዳል፣ ይሰነጠቃል፤
አንዱ አየር ላይ ሳለ ተንኖ ውርስ ሳይተው ያልቃል።
ዘጠኝ ቀን ፈጀ ስሌቱ፤ ማራገቢያው ሌት ተቀን አለቀሰ፤
በአሥረኛው ሥዕሉ ወጣ፤ ሰማያዊ፣ እኩል፣ እንደ ተተኮሰ
አንሶላ።
ብረቱ ግን ተሰነጠቀ። ግራ ጠርዙ ላይ።
ደግሞ በማግስቱ።

ኦታካር መጣ፣ የሌሊት ተረኛው፣ ለጡረታ አራት ወር የቀረው፤
ጓንቱን በብብቱ ይዞ ሥዕሌን አየው፣ አየው።
«ቆንጆ ነው» አለ። «ግን አሥራ ሰባተኛው ጉንፋን ይዞታል።»
«ምኑ?»
«መርጫው። ያስላል።»

ወረድን።
እኔ የሰማሁት አንድ ነው፤ ውሃ፣ ውሃ፣ የውሃ ግርማ፤
እሱ ጣቱን አነሳ፣ ቤት የሰበረ ስንኝ ድንገት እንደ ሰማ።
ሲነጋ መስመሩ ቆመ፤ ፈቶ አወጣው፣ መዳፌ ላይ አስቀመጠው፤
ኖራ አፉን ዘግቶት፣ የሰናፍጭ ፍሬ በማታልፍበት ቀዳዳ ነው ሲተነፍስ የከረመው።
ሁለት ሚሊዮን ጠብታ ቆጥሬ አንድ የታመመ ጉሮሮ አልቆጠርኩም።

ስለ ጠብታ ካነሳን፣ ከመጽሐፍ በፊት ያስተማረችኝ እናቴ ናት።
ድራሆሚራ ለጎረቤት ልብስ ትተኩስ ነበር፣ ደሞዝ ሲዘገይባት።
ካውያው ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ ጣቷን ነክራ ጠብ ታደርጋለች፤
ጠብታው «ጭስስ» ብሎ ከሞተ፣ «ገና ነው» ትላለች።
ካልሞተ ግን፣ እንደ ብይ ክብ ሆኖ ከተንከባለለ፣
ጨፍሮ ጨፍሮ ከካውያው ጫፍ ወለሉ ላይ ከዘለለ፣
«አሁን እሳት ነው» ትለኛለች፤ «አሁን አይነካም።»

ዛሬ ምክንያቱን አውቃለሁ። በጣም የጋለ ብረት ላይ የወደቀ ጠብታ
የራሱን እንፋሎት አንጥፎ ይተኛበታል፣ ሳይነካው ለአንድ አፍታ።
እሳቱ ሲበረታ ውሃው ይተርፋል። ብረቱ ቀዝቀዝ ሲል ነው
ያ ስስ ፍራሽ የሚቀደደው፣ ውሃው ቆዳውን የሚያገኘው፤
ሙቀቱም የሚጎርፈው ያኔ ነው፣ ባንዴ፣ ሳያስጠነቅቅ።

አባቴ ቭላስቲሚል ከዚሁ ከእቶኑ ነበር የሚመጣው፤
ደጁን ሲከፍት ፊቱ የጋለ፣ ቃል ቢወድቅበት የማይነካው።
እናቴ ስለ ኪራዩ፣ ስለ ወንድሜ፣ ስለ ጠርሙሱ አትጠይቅም፤
ሾርባ ታቀርባለች፤ ትጠብቃለች፤ ካውያዋን አትነቅልም።
ጫማውን ፈትቶ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ሲለዝብ፣
ያኔ፣ አንዲት ቃል፣ ጠብ።
ቤቱ በሙሉ ይፈላል።
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከብርድ ልብሴ ሥር ሆኜ ሰማሁት።
ለምን ደጃፉ ላይ አልነገረችውም ብዬ ለዓመታት ተቀየምኳት፤
ቀመሩን ሳገኝ ታረቅኳት።

ይህን ለኦታካር አልነገርኩትም።
ወደ ፎቄ ተመልሼ በሞዴሉ ውስጥ አንድ ቁጥር ጨመርኩበት፤
ዜሮ ነጥብ ስድስት። ስሙን «ኦታካር» አልኩት።
እንደገና ዘጠኝ ቀን። አንሶላው ግራ ጠርዙ ላይ ተቃጠለ፤
ቀይ ጭረት፣ ልክ ብረቱ በተሰነጠቀበት።
ደስ አለኝ፤ በሥዕል ስንጥቅ ደስ የሚለው ሰው ካለ።

እሱ በመጋቢት ወጣ። ኬክ ተቆረጠ፤ የግድግዳ ሰዓት ተሰጠው።
መርጫው ተቀይሯል፤ አሥራ ሰባተኛው አሁን ጤነኛ ነው።
ቁጥሩን ግን አላጠፋሁም። አንድ አድርጌ ትቼዋለሁ፤
በአንድ ሲባዛ ምንም አይለወጥም፣ አውቃለሁ።

በቀደም ራዲም፣ አዲሱ ልጅ፣ ኮዱን ሲያነብ ቆየና
«ይሄ ኦታካር ምንድን ነው? አሃዱስ? ዲግሪ ነው? ሊትር በሰከንድ?» አለኝ።
«አሃድ የለውም» አልኩት።
ጓንት አቀበልኩት።
ወረድን።