ሁለት ነጥብ

አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣
ወናፍ ስነፋ ነው ማንጠግቦሽ ስትገባ።
ነጠላዋን ፈታች፤ ከጫፉ ቋጠሮ
አንድ ቀለበት ወጣ፣ እንደ ቅጠል ሳስቶ በአርባ ዓመት ኑሮ።
“የእናቴ ነው” አለች፤ “ጠገራ ነበረ፣
ጣቷ ላይ አልቆ ነው እንዲህ የከበረ።
ሽቦ አድርጉትና ባረንጓዴው ዶቃ ላይ
የልጄን ስም ጻፉት፤ እንጉዳይ፣ እንጉዳይ።”

ዶቃው የእኔ ሥራ፤ የአረቄ ጠርሙስ ነው፣
ከቀሃ ድልድይ ሥር ስካር የሰበረው።
በወለቃ ጭቃ የብረት ዘንግ ነክሬ፣
እንደ ማር ጠቀለልኩት በነበልባል አዙሬ።
ውስጡ አረፋ ቀርቷል። ጋሽ ኑርሁሴን አይቶ፣
“ያ ሰካራም ተንፍሶበታል” አለኝ፣ ሳቁን ጢሙ ውስጥ ከትቶ።

ቀለበቱ ቀለጠ።
ተቀጠቀጠ፣ ሾለ። ቀዳዳ በቀዳዳ በተበሳው ብረት
ጋሽ ኑርሁሴን በጉጠት ይስበዋል፣ አንድ እግሩን ግድግዳው ላይ ረግጦ፤
ከሰፊው ወደ ጠባቡ፣ ከጠባቡ ወደ ባሰው፣
እንደ ጡረተኛ ቀን እየረዘመ፣ እየቀጠነ።
ሲያልቅ ለካነው፤ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት።
ለአምስት ፊደል!
“እ” ብቻዋን ስንት ትጠጣለች።

ማንጠግቦሽ ደፉ ላይ ተቀምጣ ታወራለች፣
ለእኛ አይደለም፣ ለወናፉ፦
“በመተማ በኩል ወጣች። ካርቱም ገባሁ አለች አንድ ሌሊት።
ሌላ ቀን ደግሞ ደወለች፤ ‘እማ’ ብላ ጀመረች፣
ስልኩ ተቋረጠ።
ምን ልትል እንደነበር እንጃ። ሦስት ዓመት ሆነው፣
‘እማ’ን ብቻ ይዤ እዞራለሁ።”

በጉጠት ጫፍ ጻፍኩ፣ ትንፋሼን ይዤ።
“እንጉ” ላይ ብሩ አለቀ።
ይሁን፣ ብለን ሽቦው እንዲሰጥም ወደ እሳቱ መለስነው፤
እኔም ጆሮዬ እሷ ጋ ሆኖ
አንድ ወናፍ አበዛሁ።

ብር ሲሞቀው መስመርነቱን ይረሳል።
ተበጣጠሰ፤ እንደ ጎመን ላይ ጤዛ ተሰበሰበ፣ ተድቦለቦለ፤
“እ” ፈሰሰች፣ “ን” እግሯን አጣች፣
ሁለት ሦስቱ ፍሬ ተንከባሎ አመድ ገባ።
የቀረው አራት ነው፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች።
ጋሽ ኑርሁሴን አየኝ። አላየኝም።
ዶቃውን ሞቅ ያለ አመድ ውስጥ ቀበረው፤
“ቶሎ የበረደ ይሰነጠቃል” አለ፣ ሌላ አልተናገረም።

ቅዳሜ መጣች፣ ገበያተኛው መሐል፣
ይቅርታዬ አፌ ላይ ደርቆ እንደ በቆሎ ቃል።
ብሩን እመልሳለሁ ልበላት? የቱን ብር?
ፊደል የቆጠረ ያውቀዋል፤ አራት ነጥብ ማለት ነገር ማሠር።

ዶቃውን ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን ዞረች።
የጠርሙሱ አረንጓዴ መዳፏ ላይ ፈሰሰ።
ብዙ ቆየች። ከሰሉ ሲጤስ፣ ሲያመድ ሰማሁት።
ቀጥሎ አውራ ጣቷን አነሳች፣
በስተቀኝ ያሉትን ሁለቱን ሸፈነች፦
“እኔ የተማርኩት በድሮው ነው፤
ቃል ሲያልቅ ሁለት ነጥብ እናደርግ ነበር፣
ሌላው ቃል እስኪመጣ።”

ዋጋውን ጠየቀች። ጋሽ ኑርሁሴን ወደ ጣሪያው ሲያይ ጊዜ
አውራ ጣቷን ሳታነሳ ወጣች።
እማ፡