አታጥፊው

ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ሲወጣ በሐረጎ፣
ሚኒባሱ አቃስቶ፣ ጉሙን ገለጥ አርጎ፣
እኔ ከኋላ ወንበር፣ ቦርሳዬን አቅፌ፣
«ሦስት ከሃያ» የሚል ወረቀት አጥፌ፤
አንዴ አጠፍኩት፣ ለሁለት፤ ደገምኩት፣ ለአራት፤
ሠለስኩት፤ አልጠፋም ያ ቀይ ቀለም ውጤት።

ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል ክው አለብኝ ልቤ፤
(ብሩን ነው የፈለገው፤ እኔ ምን አስቤ!)

እቤት ሲባል ኖሯል፦ «ጦይባ ጥልፍ ታውቃለች፤
ቁጥር ለእንድሪስ ነው»፤ እናቴም አምናለች።
እኔም።

ቲቸር አበጋዝ ግን፣ ካፖርቱን ደርቦ፣
(ጦሳም በመስኮቱ ጉም ተከናንቦ)
ወረቀቴን ፈታው፣ በመዳፉ ዳምጦ፤
ሦስቱን ዐይቶ እንዳላየ፣ ዴስኬ ጫፍ ተቀምጦ፣
«ስንቴ አጠፍሽው?» አለኝ።
«ሦስቴ።»
«እስቲ ቁጠሪ፤ ስንት ክፋይ ወጣው?»
«ስምንት።»
«አንዴ ብትደግሚስ?»
ጣቴን ሳልቆጥር ነው አፌ የቀደመኝ፦
«ዐሥራ ስድስት።»

ጠመኔ ሰጠኝና ሰሌዳው ጋ ቆምኩኝ፤
ሁለት፣ አናቷ ላይ ሦስት፤ «እኩል ነው» ብዬ ጻፍኩኝ፦
ስድስት።
ያው የፈተናዬ ስድስት፤ እጄ የለመደው።
ክፍሉ ሳቀ። ዳስተሩን ዘልዬ ሳነሣው፣
«አታጥፊው» አለኝ።

«ከየት መጣ ስድስት? መንገዱን ንገሪኝ።»
«የት ሳትሽ?» አይደለም፤ «በየት መጣሽ?» አለኝ።
«ሁለትን ሦስት ጊዜ ስደምር…» ድምፄ ተንቀጠቀጠ።
«እንግዲያ ልክ ነሽ፤ ለሌላ ጥያቄ።
መልሱ አልጠፋሽም፤ የጠፋሽ ጥያቄው ነው።»
ከስድስቱ ጎን ስምንትን በገዛ እጄ ጻፍኩ፤
ሁለቱም እስከ ደወል ሰሌዳው ላይ ዋሉ።

አሁን አዋቂ አልሆንኩም። በሚቀጥለው ወር
ዐሥራ አንድ ከሃያ፤ ከዚያ ዘጠኝ ነበር።
እንድሪስ ይበልጠኛል፤ ይብለጠኝ። ትናንት ግን
«ይቺን በየት መጣሽ?» አለኝ፣ ዐየት አርጎ በሩን።

ዛሬም ሐረጎ ላይ ሚኒባሱ ያቃስታል፤
ሹፌሩ መሪውን ጠምዝዞ ያጥፈዋል።
ቀጥ ብሎ ቢወጣ ማን ደሴ ይደርሳል?
ወረቀቴ ቦርሳ ውስጥ፣ እንደተዘረጋ፤
መስታወቱን በእጅጌዬ ጠረግኩት፣ ሲነጋ፤
መታጠፊያውን ስቆጥር፣ ዐሥራ ሰባት ላይ ጠፋኝ፤
ግድ የለም፤ ከአንድ ልጀምር፤ ነገም መንገድ አለኝ።