ቀዝቃዛው ጎን

ግንቦት ነው፣ ድሬ ነው፤ መብራትም የለ፣
አልጋው ከነፍራሹ ግቢ ተንጣለለ።
ትራሴን ገለበጥኩ፣ ቀዝቃዛ ጎን ፍለጋ፤
ደግሞ ገለበጥኩት። ሌሊቱ አልነጋ።

ጋሽ ቡሽራም አልተኛም።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በምድር ባቡር ጋራዥ
ብረት ያቀለጠ ሰው ሙቀት አያማርርም።
«ትራስ ነው የቸገረህ? የድንጋይ ትራስ አለ፤
ና ላሳይህ» አለ።

ሻማ ሰባበረ፣ በጣሳ አቀለጠ፣
ባልዲ ሙሉ ውኃ እፊቴ አስቀመጠ።
«ይሄ ባሕር ነው በል፤ ሐዲዱ ካለቀበት፣
ከወደቡም ወዲያ፣ መልሕቅ ከማይደርስበት፣
መሬት ቀስ እያለች ከምትተረተርበት።
እዚያ እሳት ሲወጣ አይጮኽ፣ አይፈነዳ፤
ውኃው ከላይ ሆኖ ተጭኖታል እንደ ዕዳ።»

ሰሙን ጠብ አደረገው።
ሰሙ ግን ተንሳፈፈ፤ ባሕሩን ገለበጠው።
ሳቀ። «በል አንተ አቅናው፤
መገልበጥ ታውቅ የለ? ጣራውን ወለል በለው።

ላቫው ቀስ ብሎ ሲመጣ፣ ገና ብቅ እንዳለ
ቆዳው መስታወት ሆነ፤
ሆዱ ግን ረመጥ ነው፣ መንገዱን ያልጨረሰ።
ይገፋል፣ ያብጣል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፤
በስንጥቁ በኩል ሌላ ትራስ ይወለዳል፤
ከዚያኛውም ሌላ፤ ትራስ በትራስ ላይ፣
ኮረብታ ይሆናል፣ አንድም ሰው ሳያይ።»

«ሲቸኩልስ?» አልኩት።
«ሲቸኩል ትራስ የለም።
ደጋው ዘንቦ ዘንቦ፣ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣
እንደሚመጣው ጎርፍ ደቻቱን ሞልቶ፣
ይነጠፋል ዝርግ፤ የተጨማደደ አንሶላ።
ጎድጓዳ ካገኘ ይተኛል፤ ኩሬ ሆኖ ሲሞላ
ከላይ ክዳን ያበጃል፣
ከሥር ሾልኮ ይሄዳል፣
ክዳኑ ይደረመሳል።
ዓምዱ ብቻ ይቀራል።»

ደቻቱ ካለ በኋላ ድምፁ ወርዶ ነበር።
ሰፈሩ ያውቀዋል፤ እኔም አውቅ ነበር፦
በአንድ የክረምት ሌሊት ውኃው በሩን ሳያንኳኳ ገብቶ፣
ጠዋት ከቤቱ የቆመው አንድ ምሰሶ ነው፤
ምሰሶው ላይ የዘይነባ ሻሽ፣ በጭቃ ተለውሶ።
ስለ እሷ አልተናገረም። ባልዲውን በእግሩ ገፋው።

ሰሟን ከውኃ አወጣሁ፤ ክብ ናት፣ ለስላሳ፣
ላይዋ በርዷል፤ ድንጋይ ነው የሚመስል።
ጥፍሬን ብሰካባት
ሆዷ ለብ ይላል።

ጋሽ ቡሽራ ጋደም አለ፤ ጀርባውን ሰጠኝ።
ትራሱን ሲገለብጥ ሰማሁት፣
አንዴ።
ቆይቶ ደግሞ፣ አንዴ።